ከማርሹ አጠገብ ያለችው ብልቃጥ

ደብረ ታቦር
ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣

ለወንድሜ ልጅ ለኢክራም። እንዴት ሰነበትሽ? አዲስ አበባ እንዴት ይዞሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም፣ መኪናዬም፣ ምላሴም ይሠራሉ። አባትሽም ደህና ነው፤ እንደ ልማዱ ጨርቅ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ያለፈውን ያገደመውን ይቆጣል።

በሹፌሩ በበላይነህ በኩል «ስልክዎ ለምን አይነሳም?» ብለሽ ላስጠየቅሽኝ፦ ስልኬ ሐሙሲት ገበያ ላይ ውኃ በርሜል ውስጥ ገባች። ወጣች፣ ግን አልዳነችም። አዲስ ግዢ እንዳትይኝ፤ ጆሮዬ አርፏል። በሰው ስልክ እንዳላወራሽ ደግሞ ባለስልኩ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ ምን ይወራል? በላይነህ አውቶቡሱን ይዞ እስከተመላለሰ ድረስ በደብዳቤ እንገናኝ። የእጅ ጽሕፈቴን ካላነበብሽው ጥፋቱ የመሠረተ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ለንግድ ዕውቀት ያህል አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፋርማሲ የምትሠራው ጎረቤቴ ሠናይት እንደነገረችኝ፣ አዲስ አበባ መኪና የሚነዱ ሴቶች የበርበሬ ስፕሬይ የሚባል ነገር እጃቸው የሚደርስበት ቦታ ያስቀምጣሉ አሉ። ሰው ክፉ ቢያስብባቸው ዓይኑ ላይ ይነፉበታል። ዕድሜዬን ሙሉ በርበሬ ስለቅም፣ ሳስፈጭ፣ ከገበያ ገበያ ስጭን የኖርኩ ሴት ይህን ሳልሰማ መቅረቴ አናደደኝ። በርበሬው የማረቆ ነው ወይስ እንደኛው የቆላ? ዘሩ ይወጣል ወይስ አብሮ ይፈጫል? የሚበጠበጠው በውኃ ነው በዘይት? ዓይን ውስጥ የገባበት ሰው ምን ያህል ይቆያል? ይድናል ወይስ እንዲያው ይቀራል? መነጽር ያደረገ ሰውስ?

አንዷን ብታገኚ ላኪልኝ። ለማየት ያህል ነው። ለአባትሽ አትንገሪ።

አክስትሽ ዘይነብ


አዲስ አበባ
ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት አክስቴ፣

ወአለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከደብዳቤው ጋር የላኩልኝ ሚጥሚጣ ደርሶኛል። የቢሮ ባልደረቦቼ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር እየጎተቱ ወደኔ ስለሚጠጉ ለወር ይበቃኛል ያልኩት ለሳምንትም አይበቃም።

የጠየቁኝን ልኬያለሁ። ሻይ ቅጠሉን ሲከፍቱ መሀሉ ላይ ካልሲ ያገኛሉ፤ ካልሲው ውስጥ ነች። የሰጠችኝ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፤ እሷ መኪናዋ ውስጥ ካስቀመጠች ዓመት አልፏታል፣ አንድ ቀንም አልተጠቀመችባትም። ስለ ዘሩና ስለ ዘይቱ ስጠይቃት ግን እንደ እብድ ነው ያየችኝ፤ ስለዚህ ያንን አላውቅም። የማውቀውን ልንገርዎት። ዳሽቦርዱ ሳጥን ውስጥ አይቆልፉባት፤ በችግር ሰዓት ሳጥን የሚከፍት ሰው የለም። ሳይጎነበሱ እጅዎ የሚያገኛት ቦታ ትሁን። ፀሐይ አይንካት። አናቷ ላይ ያለችውን መቆለፊያ በአውራ ጣት ገፋ ነው። ወደ ነፋስ አይንፉ። ከነፉ በኋላ ደግሞ ምን ሆነ ብለው ቆመው አይመልከቱ፤ መኪናዎን አስነስተው ይሂዱ። ይህን የምጽፈው ስለማውቅዎት ነው።

አክስቴ፣ ነገሩ እውነት ለንግድ ዕውቀት ብቻ ነው? አንቱ አንድ ነገር ሲደብቁ ጥያቄ ያበዛሉ። አጎቴ ነስሩ ሆስፒታል የገቡ ሰሞን ስለ ትምህርቴ የጠየቁኝ ጥያቄ ብዛቱ አይረሳኝም። እሳቸው ካረፉ በኋላ መንዳት ተምረው የባልዎን መኪና ቁልፍ ሲይዙ ደግሞ በሽማግሌ ፊት ለአባቴ የገቡትን ቃል አውቃለሁ፤ መንገድ ላይ አንድ ክፉ ነገር ካገኘዎት ቁልፉን ያስረክባሉ፣ መኪናዋ ትሸጣለች። አባቴ ባለፈው ሲደውልልኝ ገዢ ያገኘላት ይመስል ስለ መኪና ዋጋ ሲያወራኝ ነበር።

የደረሰብዎት ነገር ካለ ለእኔ ይንገሩኝ። ለሱ አልናገርም።

ልጅዎ ኢክራም


ደብረ ታቦር
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ኢክራም፣

ብልቃጧ በሰላም ገብታለች። በላይነህ «ይሄ ሻይ ቅጠል ይከብዳል» ብሎ ጠርጥሮ ነበር፤ የአዲስ አበባ ሻይ እንዲህ ነው አልኩት። የደረሰብኝ ነገር የለም። ሰው ያለ ምክንያት መጠየቅ አይችልም እንዴ?

ሞከሯት ወይ እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ አዎን፣ ሞክሬያታለሁ። እንዳትስቂ። እኛ ዘንድ በርበሬ የሚፈተነው በምላስ ነው። ጆንያ ከመግዛቴ በፊት ጣቴን አስነክቼ ካልቀመስኩ ሻጩ በምንም ቢምል አላምነውም። ከሱቄ ጀርባ ወጣሁ፣ ነፋሱን ከኋላዬ አደረግሁ (በርበሬ ስናነፍስ ላረጀነው አንቺ ስለ ነፋስ ልታስተምሪን!)፣ የእንጨት ማንኪያ ላይ ጢቅ አደረግሁና በጣቴ ጫፍ ቀመስኩ።

ኢክራምዬ፣ ይሄ በርበሬ አይደለም። በርበሬ መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ ይጣፍጣል፣ ከዚያ ነው የሚያቃጥለው። ይሄ በቀጥታ ወደ ማቃጠሉ ገባ፤ ሰላምታ እንኳ የለውም። ከንፈሬ አብጦ፣ ዓይኔ ፈሶ፣ መናገር አቅቶኝ ዋልኩ። የሱቅ ጎረቤቴ አልማዝ ጥርሴን የታመምኩ መስሏት ቅርንፉድ ይዛ መጣች። ያተረፈኝ እርጎ ነው። የበርበሬ ነጋዴ በበርበሬ ተሸነፈች ብለሽ ለማንም እንዳታወሪ፤ ደንበኛ ይሸሻል።

የት እንደማስቀምጣት ግን ተቸግሬ ሰነበትኩ። በሩ ኪስ ውስጥ ብከታት እብናት ላይ በሩን ስከፍት ወድቃ ተንከባለለች፤ አንድ ሽማግሌ አንስተው «እንቺ፣ ሽቶሽ ወደቀብሽ» አሉኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ባደርጋት የእብናት ፀሐይ ያፈነዳታል። ከማርሹ አጠገብ ትክክለኛ ቦታዋ ነበር፤ እዚያ ሳስቀምጣት ግን አንድ ነገር ታየኝ። ለእኔ እጅ የቀረበ ነገር ጋቢና ለተቀመጠውም ሰው ያው ቅርብ ነው። እሱ ቀድሞ ቢያነሳትስ? የሠሯት ሰዎች ይህን አስበውበታል? ባልደረባሽን ጠይቂልኝ። ለጊዜው እንኳ አያሳስበኝም፤ ጋቢናው ላይ ጆንያ ስላለ ብልቃጧን እሱ ላይ ደገፍ አድርጌያታለሁ።

አክስትሽ ዘይነብ


አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ፣

በምላስ! ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ ስቄ አለቃዬ ከክፍሏ ወጥታ አየችኝ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን መጨረሻው መስመር ላይ ደረስኩ።

ጆንያ? ጋቢና ላይ?

አጎቴ ነስሩ በሕይወት ሳሉ ጋቢናው ላይ የኪሎ ቅመም እንኳ ተጭኖ አያውቅም። «ጋቢና የመንገድ ሰው ነው» ይሉ ነበር። እኔን ራሴን ልጅ ሆኜ፣ መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት ስላገኙ፣ ከጋቢና አውርደው ኋላ ከጆንያዎቹ ጋር ወርውረውኛል፤ እስከ ሐሙሲት አነጠስኩ። አንቱም ቁልፉን ከያዙ ጀምሮ እንደዚያው ነበሩ። ጆንያው የወጣው ከመቼ ወዲህ ነው? ማን እንዳይቀመጥ ነው?

ሁለተኛው ነገር ይብሳል። ስልክዎ ውኃ ገባች ብለውኛል። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ ጁምዓ ጁምዓ አሁንም እደውላለሁ፤ እንደማትነሳ ባውቅም ሳልደውል ቀኑ ጁምዓ አይመስለኝም። ያለፈው ጁምዓ ተነሳች። «አክስቴ?» አልኩ። ማንም አልመለሰልኝም። ግን ሰው ነበር፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል። «ማን ልበል?» ስል ተዘጋ።

በርሜል ውስጥ የሞተች ስልክ ውስጥ ማን ነው የሚተነፍሰው? ተቆጥቼ አይደለም የምጠይቅዎት። ፈርቼ ነው።

ኢክራም


ደብረ ታቦር
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ኢክራም፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጆንያው ጋቢና ላይ የወጣው ኋላ ቦታ ስለሞላ ነው። ስልኳን በተመለከተ መስመር ተሳስቶ ይሆናል፤ የኛን አገር ኔትወርክ አንቺም ታውቂዋለሽ። አዲስ በርበሬ እየገባ ስለሆነ ሥራ በዝቶብኛል፤ በዚሁ ላብቃ።

ሕፃኑ ሲያለቅስ ግን ድምፁ እንዴት ነበር? ጠንከር ያለ ነው ወይስ የታመመ ልጅ ለቅሶ?

ዘይነብ


ደብረ ታቦር
ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢክራምዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። ያለፈውን ደብዳቤ ከላክሁ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንቺም ጥያቄዬን አይተሽ ገብቶሻል፤ ምንም ሳትጽፊልኝ መክረምሽ እሱ ነው። ይቅር በዪኝ። ኋላ ቦታ አልሞላም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከነፋስ መውጫ ስመለስ፣ ገሳይ ልደርስ ስል ዳገቱን ጉም ሸፍኖት ነበር። ፈንታሁን የሚባል ሰው መንገድ ዳር ቆሞ እጁን አነሳ። አታውቂውም፤ ከገሳይ በላይ ገብስ የሚያርስ ሰው ነው። አምና ክረምት ሚስቱን ብዙነሽን ምጥ ይዟት በዚሁ ጋቢና ደብረ ታቦር ያደረስኳት እኔ ነኝ። መንገዱን ሁሉ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ፣ በአንድ እጄ ነው የነዳሁት። ልጁ በሰላም ሲወለድ ሱቄ ድረስ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ብሎ በስንት ልመና አነሳሁት።

ስለዚህ ሳየው ፈገግ ብዬ ቆምኩ። በሩን ሲከፍት ከጉሙ ውስጥ ሌላ ሰው ወጣ። እጁ ጋቢው ሥር ነበር፤ ምን እንደያዘ አላየሁም፣ ማየትም አልፈለግሁም። ቦርሳዬና ስልኬ ሄዱ። አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝም። ፈንታሁን ሚስቱ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ተቀምጦ እግሩን እግሩን ያይ ነበር።

የወሰዱት አይደለም ያመመኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ጉም አልቆምም ነበር። የቆምኩት የማውቀው ሰው ስለሆነ ነው፤ ያንን አውቀው ነው ያቆሙት።

በማግሥቱ ጆንያውን ጋቢና ላይ አወጣሁት። እናቶች ልጅ አዝለው እጃቸውን ሲያነሱ በጆንያው እያመካኘሁ አልፋቸዋለሁ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳያቸው ነስሩ የሚያየኝ ይመስለኛል። አፈርኩ፣ ኢክራም። ለአባትሽ ልነግረው ብል ቃሌ አለ፤ ቁልፉን ይወስዳል። ቁልፉ ከሄደ እኔ ምን እሆናለሁ? ነስሩ የሞተ ዓመት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ የከረምኩትን ታስታውሻለሽ። ከዚያ ያወጣችኝ ይህች መኪና ናት።

አንድ ነገር ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። የኔ ስልክ ቻርጅ አይበረክትላትም። እስከ ኅዳር ድረስ ቻርጅ የሚያደርጋት ማን ነው? የሰረቀ ሰው ሲም ካርዱን አውጥቶ ይጥላል፣ ስልኩን ይሸጣል። ይሄ ሰው ግን ሲሙን እንዳለ ትቶ፣ ቻርጅ እያደረገ፣ ስትደውዪ አንስቶ ይተነፍሳል። ለምን? ቁጣዬን ሁሉ አልፎ ይሄ «ለምን» በላኝ። ባገኘው እጠይቀዋለሁ።

አክስትሽ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ደብዳቤዎን አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ቆሜ አነበብኩት። በላይነህ «ምን ሆነሻል?» ብሎ ውኃ ገዛልኝ። ይቅርታ አይጠይቁኝ፤ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ፣ ብቻዎን ያንን ሁሉ ይዘው ሲነዱ በምላስ ስለቀመሱት በርበሬ እየሳቅሁ ነበር።

ግን እለምንዎታለሁ፣ እንዳይቆሙለት። ብልቃጧን የላክሁት ከእንዲህ ያለ ሰው እንዲርቁ እንጂ እንዲቀርቡት አይደለም። መንገድ ላይ ካዩት መስታወቱን ይዝጉ፣ መቆለፊያዋን ይግፉ፣ በእጅዎ ይያዟትና ይለፉ። ባልደረባዬን ጠይቄያታለሁ፤ አጠገብ ያለ ሰው ቀድሞ ቢያነሳትስ ለሚለው ጥያቄዎ መልስ የላትም። «እኔ መኪና ውስጥ የማላውቀውን ሰው አልጭንም» ነው ያለችኝ። እሷ ልክ ናት። አንቱም ከዛሬ ጀምሮ እንደሷ ይሁኑ፤ ጆንያው እዚያው ይቀመጥ።

ከቆሙለት ለአባቴ እነግረዋለሁ። ቃሌን አፈርሳለሁ። ቁልፉን ቢያጡ ይሻለኛል እርስዎን ከማጣት።

ለጠየቁኝ ደግሞ፣ ሕፃኑ ጠንካራ ድምፅ ነበረው። የጤነኛ ልጅ ለቅሶ ነው። ይህን ስጽፍ ተናድጃለሁ፤ ግን ጠይቀውኛል።

ኢክራም


ደብረ ታቦር
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ኢክራም፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ካነበብሽ በኋላ ተቆጪኝ። ቆሜለታለሁ።

ገሳይ ዳገቱ ላይ ነበር። እንደ በፊቱ እጁን አላነሳም፤ መኪናዬን ሲያይ ጭራሽ ወደ ማሳው ሊሸሽ ዞረ። ክላክስ አደረግሁበት። መስታወቱን አንቺ እንዳልሽው ትንሽ ብቻ ከፍቼ ላናግረው አስቤ ነበር፤ ከዚያ ግን በዚያ ቀዳዳ ለሰው ምን ይባላል? ወርጄ ጆንያውን አነሳሁና ኋላ ወረወርኩት። «ግባ» አልኩት። ገባ።

ብልቃጧ ከማርሹ አጠገብ ነበረች፣ እጄም እሷ ላይ። መቆለፊያዋን ገፍቼያለሁ። እሱም አያት። ምን መሰለችው እንጃ፣ ዓይኑን በክንዱ ጋረደና ጠበቀ። አልሸሸም፣ አልለመነም፤ የሚገባው እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር። እኔም ልነፋበት እችል ነበር፤ አልዋሽሽም፣ ጣቴ ፈልጎ ነበር። ያኔ ነው ያ ጥያቄዬ የመጣብኝ። ለእኔ የቀረበው ለእሱም ቅርብ ነው። ባልደረባሽ መልስ አጣችለት፤ እኔም እስከዚያች ሰዓት አጥቼ ነበር። መቆለፊያዋን መለስኩና አንስቼ እጁ ላይ አስቀመጥኳት።

«ያዝልኝ፤ መንገዱ ያንገጫግጫታል» አልኩት። «አደራ።»

አዲስ አበባ አስረስቶሽ እንደሆን እንጃ፣ እኛ ዘንድ አደራ የተባለ ሰው ሌላ ሰው ነው። ፈንታሁን በሁለት እጁ ይዟት ተቀመጠ፤ እንቁላል የያዘ ነበር የሚመስለው። እስከ ደብረ ታቦር ከእጁ አላወረዳትም። ስንት ጥያቄ አዘጋጅቼ አንዱንም ሳልጠይቀው ደረስን። ከተማው መግቢያ ላይ «የት ላድርጋት?» አለኝ። «ካነሳኋት ቦታ» አልኩት። አስቀመጣት፣ ወረደ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ።

በገበያው ቀን ከብዙነሽ ጋር ሱቄ መጣ። ልጁን አዝላዋለች፤ ወፍሯል፣ ድምፁ እውነትም ጠንካራ ነው። ስልኬን በነጠላ ጫፍ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እሱ ራሱ ይንገርዎት» ብላ ወደ በሩ ዞረች። እንዲህ አለኝ፤ ሲናገር ቀና አላለም።

«ያ ሰው ቦርሳውን ወሰደና ይቺን ለኔ ጣለልኝ። ልሸጣት ይዣት ወጣሁ። መንገድ ላይ ጮኸች፣ መስታወቷ ላይ ‹ኢክራምዬ› ይላል። በሳምንቱም ጮኸች፣ በሳምንቱም። ሰው የሚደውልባትን ስልክ እንዴት አድርጌ ልሽጣት፣ እትዬ? ብትዘጋ ደግሞ ልጅቷ ሞተዋል ትላለች ብዬ ገሳይ እየወረድኩ ቻርጅ አስደርጋታለሁ። አንድ ቀን ልናገር ብዬ አነሳኋት። ‹አክስቴ› ስትል ሌባው ነኝ እንዴት ልበላት? ዘጋሁባት።»

ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ለምን አብሮት እንደወጣ ጠየቅሁት። «መውጣት አልነበረብኝም» ብቻ አለኝ። ብዙነሽ ከበሩ ሆና ታለቅስ ነበር። ይቅር አልኩት። አንቺ ይቅር ለማለት ከፈለግሽ የራስሽ ጉዳይ ነው፤ አልጫንሽም።

አባትሽን አንቺ ሳትቀድሚኝ እኔ ነገርኩት። ቃል ገብቼ ነበርና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ጮኸ፣ ጨርቅ ሊገዙ የመጡ ሰዎች ሸሹ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተው። መኪናዬ ግቢ ውስጥ ቆማ ሳያት እንባዬ ይመጣ ነበር። ከሰነበተ በኋላ አንድ ጠዋት ሱቄ ብቅ አለና «ለመሆኑ ያ ሰውዬ ብልቃጧን ሲይዝ እንዴት ነበር የያዛት?» አለኝ። አሳየሁት። «እስቲ እንደገና» አለ። በሦስተኛው ጊዜ ቁልፉን አውጥቶ ሰጠኝ። ጥያቄ ማብዛት የኔ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ነው፣ ኢክራም።

ያለ ቅድመ ሁኔታ አልሰጠኝም። እብናት ስሄድ ጋቢና አብሮኝ ሊቀመጥ ነው። «ጋቢናው የመንገድ ሰው ነው፣ አንተ ኋላ» አልኩት። ሰደበኝ። ያለፈው ገበያ ግን ኋላ ከጆንያዎቹ ጋር ተቀምጦ እብናት ድረስ ሲያነጥስ ሄደ። ጋቢና አንዲት ዶሮ የያዘች ሴት ነበረች፤ በአንድ እጇ ዶሮዋን፣ በሌላው ብልቃጧን ይዛልኛለች። አሁን የሚሳፈረው ሁሉ ይይዛታል። ምን እንደሆነች እነግራቸዋለሁ፣ አደራ እላቸዋለሁ፣ ስደርስ ይመልሱልኛል።

እስካሁን ማንም ላይ አልተነፋችም፤ ከኔ ምላስ በቀር።

በላይነህ ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ያደርስልሻል። በማግሥቱ ጁምዓ ነው። በዚህኛው አትደውዪ፤ እኔ እደውላለሁ። ቁጥሬ ሲመጣ አትፍሪ። አንሺው፤ የምትመልስልሽ እኔ ነኝ።

አክስትሽ ዘይነብ